ጓዝ ወይስ ጓድ?

በቀድሞው የሀገራችን ጦር ዘንድ ድንኳኑም፣ ስንቁም፣ አጋሰሱም፣ ባሏን ተከትላ የምትዘምተው ሴትም፣ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም በጅምላ «ጓዝ» ይባሉ ነበር። ጦሩ ከፊት ይሄዳል፤ ጓዙ ከኋላ ይከተላል። ይሁን እንጂ ከኋላ ያለው ጓዝ ካልቀዳ፣ ካልፈጨና ካልጋገረ ከፊት ያለው ጦር ውሎ ማደር እንደማይችል ያልተረዳ የጦር አለቃ አልነበረም። በአድዋ ዘመቻ መቀሌ ላይ የመሸገው የጠላት ጦር የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝ መላ ያመጡት እቴጌ ጣይቱ እንደነበሩ ታሪክ መዝግቦታል። ሴት በዘመቻ ላይ ጓዝ ብቻ ሳትሆን ጓድ መሆኗን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ውድ የሠራዊታችን አባላትና የትዳር ጓደኞቻቸው፤ ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዝውውር ትእዛዝ በደረሰ ቁጥር በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ቤተሰቡ ይከተል ወይስ ይቅር? ይከተል ቢባል ሙቀቱን፣ ወባውንና የትምህርት ቤቱን ርቀት ማን ይችለዋል? ይቅር ቢባል ልጆች ያለ አባት፣ ትዳርም በደብዳቤና በስልክ ብቻ እስከ መቼ ይዘልቃል? በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ይህን ጥያቄ ይዘን ከራሳችን ሰፈር ጥቂት ራቅ እንላለን። ከእኛ በፊት ሩቅ መንገድ በቤተሰብ የሄዱ ሰዎችን እንጠይቃለን።

በአሁኑ ዘመን ገንዘብና ድፍረት ያላቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው የአፍሪካን ምዕራባዊ ጥቅጥቅ ደንና የባሕር ዳርቻ ለማየት ይጓዛሉ። በጋቦን የሎአንጎ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆን ከደኑ ወጥቶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር አሸዋ ላይ ሲራመድ ይታያል። ይህን ለማየት ብሎ ቤቱን ዘግቶ መነሣት የሚያስደስት ጀብዱ ነው። የወታደር ቤተሰብ ግን ወደ በረሃውም ሆነ ወደ ደኑ የሚሄደው በትእዛዝ እንጂ በሽርሽር አይደለም። ሆኖም ትኩሳቱም፣ ዝናቡም፣ የመንገዱም ርዝመት ትእዛዝንና ሽርሽርን ለይተው አያውቁም። ስለዚህ የአንዱ ቤተሰብ ትምህርት ለሌላው ይጠቅማል።

ወደዚያ ወደ ምዕራቡ ደን ከእኛ አቅጣጫ ለመግባት የሚሹ መንገደኞች ከመቶ ስልሳ ዓመታት በፊት ይነሡ የነበረው ከካርቱም ነው። ካርቱም ከጣና የሚወርደው ዓባያችንና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ የሚገናኙበት ከተማ ነው። ከተማው ራሱ በ1820ዎቹ መጀመሪያ የግብፁ ገዥ የሙሐመድ ዓሊ ጦር ከሰፈረበት ቦታ ላይ የበቀለ በመሆኑ የጦር ሰፈር ልጅ ነው ብንል አልተሳሳትንም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1860ዎቹ ዓመታት ከካርቱም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚወስዱት መንገዶች የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች መንገዶች ነበሩ። ማንም መንገደኛ ቢሆን ከእነዚህ ነጋዴዎች ጋር ሳይገናኝ፣ ግፋቸውንም ሳያይ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረም።

በ1862 መጨረሻ ላይ በዚህ ከተማ ሁለት የአውሮፓ ቤተሰቦች በአንድ ጊዜ ተገኙ። አንደኛው የሦስት ሴቶች ቤተሰብ ነው፤ አሌክሲን ቲኔ የተባለች የሃያ ሰባት ዓመት የሆላንድ ተወላጅ፣ እናቷ ሄንሪየትና አክስቷ አድሪያና። አባቷ ባለጸጋ ነጋዴ ነበርና ሲሞት ለአሌክሲን እጅግ ብዙ ሀብት ትቶላት ነበር። ሁለተኛው ባልና ሚስት ናቸው፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርና ፍሎረንስ። ፍሎረንስ በትራንሲልቫኒያ ተወልዳ በጦርነት ወላጆቿን ያጣች ወጣት ናት። ቤከር ያገኛት በ1859 በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቪዲን ከተማ፣ ለባርነት ልትሸጥ በቀረበችበት ስፍራ ነው። ሕጋዊ ጋብቻቸውን የፈጸሙት ከጉዞው በኋላ በ1865 በእንግሊዝ ሀገር ነው።

በቅድሚያ የቲኔን ቤተሰብ ጉዞ እንመልከት። ሦስቱ ሴቶች በ1862 በነጭ ዓባይ ላይ እስከ ጎንዶኮሮ ደርሰው ወደ ካርቱም ተመልሰው ነበር። በ1863 መጀመሪያ ግን ከዚያ የበረታ ሐሳብ ይዘው ተነሡ፤ በባሕረል ጋዛል በኩል ወደ ምዕራብ ዘልቀው የአዛንዴን ሕዝብ ሀገር ለማየት። ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያወጣ በኋላ የታወቀው ሽዋይንፉርት በተባለው የጀርመን የዕፀዋት ሊቅ ነው። እርሱም ከካርቱም ተነሥቶ በዚያው በባሕረል ጋዛል አልፎ በ1870 ኡኤሌ ወንዝ ደረሰ። ውሃው ወደ ዓባይ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ሲፈስ፣ በወንዙም ዳር የምዕራብ አፍሪካን የሚመስል ደን ቆሞ አየ። ዛሬ እንደሚታወቀው ያ ውሃ ወደ ኮንጎ፣ ከኮንጎም ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል።

በቲኔ ጉዞ አክስቲቱ ካርቱም ስትቀር እናትና ልጅ ሄዱ። ከእነርሱ ጋር ሆይግሊንና ሽቶይድነር የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት ተሰለፉ። እነዚህ ሰዎች ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ በ1862 በሀገራችን ተዘዋውረው፣ ዐፄ ቴዎድሮስንም በጦር ሰፈራቸው ጎብኝተው ወደ ካርቱም የወረዱ ናቸው። የቲኔ ጓዝ እጅግ ከባድ ነበር። በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ፣ ሌሎች ጀልባዎች፣ ወታደሮች፣ አገልጋዮች፣ አህዮችና ግመሎች፣ ከሆላንድ አብረው የመጡ ሁለት ሴት ሠራተኞችም ነበሩበት። የሰዉ ቁጥር ከመቶ በእጅጉ ይበልጥ ነበር።

ችግሩም የመጣው ከዚሁ ብዛት ነው። መርከቡ ከሚደርስበት የወንዝ ወደብ ወደ ውስጥ ለመግባት ያንን ሁሉ ዕቃ የሚሸከም ሰው ያስፈልግ ነበር። ሸካሚ ፍለጋ ሳምንት በሳምንት ላይ፣ ወር በወር ላይ ተደረበ። በጋው በመጠበቅ አለቀ። ሽቶይድነር ሸካሚ ለማግኘት ወደፊት በሄደበት በኤፕሪል 1863 በትኩሳት ሞተ። የቀሩት መንገድ ሲጀምሩ ዝናቡም ጀመረ፤ ረግረጉም ሞላ። በጁላይ እናቲቱ ሞተች። ሁለቱ የሆላንድ ሠራተኞችም ተራ በተራ አረፉ። አሌክሲን የእናቷን አስከሬን ይዛ በማርች 1864 መጨረሻ ካርቱም ገባች። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ሜይ ወር ካርቱም ላይ ትጠብቃት የነበረችው አክስቷ ሞተች።

አሌክሲን ፈሪ አልነበረችም፤ ሰነፍም አልነበረችም። በዚያ ጉዞ የተሰበሰቡት ዕፀዋት በ1867 በቪየና በትልቅ መጽሐፍ ታትመው እስከ ዛሬ የሳይንስ ሀብት ናቸው። እርሷም ከሞት አፋፍ ተመልሳ ጉዞን አልተወችም፤ በኦገስት 1869 በሰሐራ በረሃ ተገደለች። እኛ የምንፈርድበት ልብ አይደለም። የምንመለከተው የጉዞውን አሠራር ነው። ገንዘብ መርከብ ሊከራይ ይችላል፤ ያለፈን በጋ ግን መልሶ ሊከራይ አይችልም። ጓዙ በከበደ መጠን ጉዞው ዘገየ፤ በዘገየም መጠን ክረምቱ ደረሰበት፤ ክረምቱ ሲደርስ ደግሞ ሞት ተከተለ። ከሁሉም የሚያሳዝነው ሠራተኞቹ ሴቶች በመጽሐፍ የማይመሰገኑበትን፣ በውርስም የማይካፈሉበትን መንገድ ተከትለው ሕይወታቸውን መስጠታቸው ነው። ለእነርሱ ጉዞው የእመቤታቸው ሐሳብ እንጂ የራሳቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ባልና ሚስቱ እንሻገር። ቤከርና ፍሎረንስ በ1861 ከካይሮ ከተነሡ በኋላ በቀጥታ ወደ ደቡብ አልገሰገሱም። አንድ ዓመት ሙሉ ከኢትዮጵያ ደጋ በሚወርዱት ወንዞች ዙሪያ፣ በአትባራ፣ በሰቲት፣ በአንገረብ፣ በራሀድና በዲንደር አገር ቆዩ። በዚያ ዓመት አረብኛ ተማሩ፤ ሙቀቱን ተለማመዱ፤ ድንኳን መትከልና መንቀል ሥራቸው ሆነ። ፍሎረንስ ልብስ ትሰፋ፣ የታመመ ታስታምም፣ ስንቅ ትቈጣጠር ነበር። በ1861 ጁን ወር በደረቀው የአትባራ ወንዝ ዳር ተኝተው ሳሉ በሌሊት የሩቅ ነጐድጓድ የሚመስል ድምፅ ሰሙ። ሰዎቹ «ወንዙ መጣ!» ብለው ጮኹ። ሲነጋ ማታ አሸዋ የነበረው ስፍራ ሰፊ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። ያ ውሃ በእኛ ተራሮች ላይ የዘነበ የክረምት ዝናብ ነው። የግብፅን ምድር ያለመለመው ደለል ከየት እንደሚመጣ ቤከር ያስተዋለው በእነዚህ ወንዞች ዳር ነው። ዓመቱ ከንቱ አልሆነም፤ የሩቁ መንገድ ትምህርት ቤት ሆነላቸው።

ከካርቱም ወደ ደቡብ ሊነሡ ሲሉ ቤከር አደጋውን ሳይሸሽግ ነግሮ ፍሎረንስ እንድትቀር ለመናት። እርሷ ግን ሁሉን ሰምታ እሄዳለሁ አለች። በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። አልተጎተተችም፤ አልተታለለችምም። የሚጠብቃትን አውቃ መረጠች። ዲሴምበር 18 ቀን 1862 በሦስት ጀልባዎች፣ ከዘጠና ስድስት ሰዎች ጋር ተነሡ። ሳአት የተባለ ከቤተሰቡ ተሰርቆ የነበረ ልጅም ፍሎረንስን ለምኖ ከእነርሱ ጋር ተጠግቶ ነበር።

በጎንዶኮሮ አጃቢዎቹ በቤከር ላይ አመፁ። መሣሪያ ተመዝዞ ደም ሊፈስ በተቃረበበት ሰዓት ፍሎረንስ በትኩሳት ከተኛችበት ተነሥታ ወደ መሐላቸው ገባች። ረጋ ያሉትን በስም እየጠራች ለእርዳታ ጋበዘች፤ ባሏንም ይቅር እንዲል አግባባች። በኋላም መንገድ የዘጋባቸው የነጋዴዎች መሪ ኩራተኛ ሆኖ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጥራውና ታረቅ ብላ የመከረች እርሷ ናት። ጠመንጃ ያልፈታውን ነገር ምክሯ ፈታው። ይህ ማለት ግን መንገዱ ቀለለላቸው ማለት አይደለም። እንስሶቻቸው አለቁ፤ በክረምት ኦቦ በተባለ አገር ታግደው ሲቀመጡ ሁለቱም በወባ ወደቁ፤ ኩዊኒን የተባለው መድኃኒትም አለቀባቸው። በቡኒዮሮ ንጉሡ ነው ብለው ያመኑት ሰው ሚስትህን ትተህልኝ ሂድ ሲለው ቤከር ሽጉጡን አነሣ፤ ፍሎረንስም ብድግ ብላ በአረብኛ ገሠጸችው። ጥቂት ቆይቶ የካፉን ወንዝ ሲሻገሩ ፀሐይ መትቷት ወደቀች። ለቀናት ራሷን ሳተች፤ ሰዎቹም መቃብር ሊቆፍሩ ዶማ አዘጋጁ። እርሷ ግን ነቃች። ማርች 14 ቀን 1864 ሁለቱ ተደጋግፈው ከአንድ ታላቅ ሐይቅ ዳር ቆሙ። የሀገሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሉታ ንዚጌ እያሉ የሚያውቁትን ያን ሐይቅ ቤከር አልበርት ብሎ ሰየመው። ለአውሮፓ አዲስ ነበረ እንጂ ውሃውን ይጠጣ ለነበረው ሕዝብ አዲስ አልነበረም።

በሜይ 1865 ካርቱም ሲደርሱ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ። ታማኙ ልጅ ሳአት ግን ከተማዋ ሳይደርስ በጀልባው ላይ በገባው ወረርሽኝ ሞተ። እነዚህ ባልና ሚስት የዳኑት በጕልበት አይደለም፤ በዕድልም ብቻ አይደለም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን ያውቅ ስለነበረ ነው።

ሦስተኞቹ ተጓዦች ስማቸው በመጽሐፍ ሽፋን ላይ አልወጣም። እነርሱም ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ለመሳለም ተነሥተው፣ ሱዳንን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር የተሻገሩ ቤተሰቦች ናቸው። በአገራችን ድንበር ተክሩር በመባል ይታወቃሉ። በመተማና በገላባት የሰፈሩት ተክሩሮች በ1860ዎቹ በሁለት ኃያላን መካከል ተቀምጠው ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብሩ ነበር። ቤከርና ፍሎረንስም በ1862 በዚያ አልፈዋል። በ1903 እንግሊዞች የሶኮቶን መንግሥት ከሰበሩ በኋላ ደግሞ፣ በውጊያው የወደቀው የሱልጣን አታሂሩ ልጅ ማይ ዉርኖ ከተከታዮቹ ጋር ወደ ምሥራቅ መጣ። በሰናር አቅራቢያ በዓባይ ዳር ያቀኗት ከተማ እስከ ዛሬ ማይዉርኖ ትባላለች።

የእነዚህ ቤተሰቦች ስልት ምን ነበር? መርከብ የላቸውም፤ ሸካሚ አይቀጥሩም። ስንቅ ሲያልቅ ቆመው ያርሳሉ፤ ወይም በቀን ሥራ ይቀጠራሉ። አዝመራ ሲገባ ስንቅ ቋጥረው ይቀጥላሉ። ባል ያርሳል፤ ሚስት ትሸጣለች፤ ልጅ ውሃ ይቀዳል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ዓመታትን ይወስዳል፤ በመንገድ የተወለደ ልጅ በመንገድ ያድጋል። በ1925 የሰናር ግድብ ተሠርቶ የጀዚራ የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ ከጥጥ ለቃሚዎቹ ብዙዎቹ እነዚህ ምዕራባውያን ነበሩ። እርግጥ ነው፣ በዚህ ረጅም መንገድ የቀሩትና የሞቱት ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ማንም በቤተሰቡ ውስጥ ያለ ሥራ የተቀመጠ ጓዝ አልነበረም።

የቤተሰብ ጉዞ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን የቅርቡንም እናስታውስ። በኤፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ሌሊት ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ከእነርሱም መካከል በመተማ በኩል ወደ ሀገራችን የገቡ፣ በዚያች ከተማ ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ወገኖቻችንም ነበሩ። ለዚያ ዓይነቱ መንገድ ማንም የዝግጅት ጊዜ አልሰጣቸውም። የዝግጅት ጊዜ ያለን ሰዎች ግን ብንዘናጋ ምክንያት የለንም።

እንግዲህ ከእነዚህ ጉዞዎች ለቤታችን የምንወስደው ምንድን ነው? በመጀመሪያ እውነቱን መናገር። ባል የሚሄድበትን ስፍራ ሙቀት፣ የውሃውን ርቀት፣ የጤና ጣቢያውን ሁኔታ አሳምሮ ሳይሆን እንዳለ ለባለቤቱ ይንገራት። «ደኅና ነው» ብሎ ያስከተላት ሚስት በደረሰችበት ቀን አመኔታዋን ታጣለች፤ አመኔታ ደግሞ በሩቅ ሰፈር ከኩዊኒን ቀድሞ የሚያልቅ መድኃኒት ነው። እውነቱን ሰምታ እቀራለሁ ካለችም ውሳኔዋ ይከበር፤ ለልጆች ትምህርት ወይም ለነፍሰ ጡር ደኅንነት ሲባል የሚቀር ቤተሰብ የሸሸ ቤተሰብ አይደለም።

ሁለተኛው ጓዝን መቀነስና ወቅትን ማወቅ ነው። ቁም ሣጥኑን ለመጫን ሲባል መኪና እየተጠበቀ ክረምት ከሚገባ ቁም ሣጥኑ ለዘመድ ይቀመጥ። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ መስጠት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ እንኳ የውሃ ጀሪካኑን ክዳን መዝጋትና ማታ የአልጋውን አጎበር መዘርጋት ሥራዬ ነው ብሎ ቢይዝ መንገዱ የእርሱም ይሆናል።

አራተኛው ጤና ነው። ወባ የሚተላለፈው በትንኝ መሆኑን ሮናልድ ሮስ ያረጋገጠው በ1897 ነው፤ ቤከርና ቲኔ ጠላታቸውን ሳያውቁ ተዋጉ፤ እኛ ግን እናውቀዋለን። ከደጋ የሚወርድ ቤተሰብ ለወባ ያልተለማመደ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ የሚጎዱት ነፍሰ ጡሮችና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። አጎበር ከምንጣፍ በፊት ይታሰር። ትኩሳት የያዘው ልጅ ሳያድር ይመርመር። ከሀገር ውጭ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚሄድ ሰው ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ያስፈልገዋል። ከ2016 ጀምሮ የአንድ ጊዜ ክትባት የምስክር ወረቀት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ከዘጠኝ ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ክትባቱ በመደበኛነት ስለማይሰጥ ሐኪም ይጠየቅ።

የመጨረሻው መመለሻን መወሰን ነው። ምን ቢከሰት፣ ማን ቢታመም፣ የትኛው ወር ቢደርስ ቤተሰቡ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ከመነሣት በፊት ባልና ሚስት ይስማሙ፤ የመመለሻውም ገንዘብ ተለይቶ በሚስት እጅ ይቀመጥ። ወደ ኋላ መመለስን አስቀድሞ ያሰበ ሰው ወደ ፊት ሲሄድ አይደነግጥም።

የዝውውር ወረቀት በእጃችሁ ያላችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ተቀመጡና ሁለት ዝርዝር ጻፉ። በአንደኛው የምትጭኑትን ዕቃ፣ በሁለተኛው የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ሥራ አስፍሩ። የመጀመሪያው ዝርዝር ከሁለተኛው ከረዘመ ዕቃውን እንደገና ቀንሱ። በሁለተኛው ዝርዝር ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ካለም፣ እርሱን ገና ጓዝ አድርጋችሁታልና ሥራ ፈልጉለት።

ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።